«ግሸን ማርያምን ሳልሳለም አልሙት»፦ ስለ ታማሚዎች የመጨረሻ ምኞት ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ የጤና ዓምድ ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ባመዛኙ ስለ መዳን የሚጠይቁ አይደሉም። ጸሐፊዎቹ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአቅራቢያቸው የሚኖሩ፣ ሆስፒታል «በሽታው ከዚህ በላይ የሚታከም አይደለም» ብሎ ያሰናበታቸውን ወላጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በቤታቸው የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ታማሚው የተመኘውን ነገር እንዴት እንፈጽምለት፣ ልንፈጽምለትስ ይገባናል ወይ እያሉ ነው። ዓምዱን የማዘጋጀው እኔ ነርስ ነኝ፤ ፓሊየቲቭ ኬር በሚባለው የማስታገሻ ሕክምና የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ስረዳ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ፣ የሚከተለውን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባታችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ሐኪሙ ለእኛ ነግሮናል፤ ለእሳቸው ግን «ጨጓራ ነው፣ ይድናል» ብለናቸዋል። አሁን ከአልጋ የሚነሡት በሰው ድጋፍ ነው። ከሰሞኑ ደጋግመው «ግሸን ማርያምን ሳልሳለም አልሙት፤ ውሰዱኝ» ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ «መንገድ ላይ ቢያርፉ ተጠያቂ እንሆናለን፣ ሰውም ይታዘበናል» ብሎ አይሆንም ይላል። እኔ ደግሞ ሳንወስዳቸው ቢሞቱ ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝ ይመስለኛል። በዚህ የተነሣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል። ምን ይሻላል?
(ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ የእርስዎም የወንድምዎም ሐሳብ በሚገባ ተገልጿል፤ አባታችሁ ስለ ሕመማቸው ምን እንደሚያስቡ ግን አልተጻፈም። መልሴን ከዚያ መጀመር እፈልጋለሁ። «ይድናል» የተባለ ሰው ሳልሳለም አልሙት እያለ የሚለምነው ነገሩን ስለተረዳው ነው ብዬ አምናለሁ። ታማሚ ከሐኪም ንግግር ይልቅ ከልጆቹ ፊት፣ ከጠያቂው መብዛትና ከገዛ ሰውነቱ ብዙ ያነባል። ቤተሰቡ እሱ እንዳይደነግጥ ሕመሙን ይደብቀዋል፤ እሱም ቤተሰቡ እንዳያዝን ማወቁን ይደብቃል፤ በዚህ መካከል መናዘዝ፣ መታረቅ፣ አደራ መስጠትና ልጆችን መመረቅ የሚቻልባቸው ቀናት ያልፋሉ። እኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተጠብቆ ነው የሚረዳው። ለታማሚውም እውነቱ በዚያው ጥንቃቄና በደረጃ ይነገረው እንጂ ፈጽሞ መነፈግ የለበትም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል አባታችሁ በይበልጥ የሚቀርቡት ሰው፣ ሌላ ጠያቂ በሌለበት ሰዓት አጠገባቸው ይቀመጥና «አባዬ፣ ሕመምዎን እንዴት ያዩታል? ሐኪሙ ያለንን እንድንነግርዎ ይፈልጋሉ ወይስ ለእኛ ይተዉታል?» ብሎ ይጠይቃቸው። «ለእናንተ ትቻለሁ» ካሉ ፈቃዳቸው ነውና ይከበር። ማወቅ ከፈለጉ ግን የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ቢቻል ሐኪሙ ወይም የሚያውቋቸው ነርስ ተጨምሮ፣ በአጭሩና በማያሻማ ቃል ይነገራቸው። ከተነገራቸው በኋላ ማጽናኛ ለማብዛት አትቸኩሉ፤ የሚጠይቁት ነገር በማግሥቱ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ በእነዚያ ቀናት ቤቱ በሰው ባይጨናነቅና ከልጆቻቸው አንዱ ከአጠገባቸው ባይለይ ይመረጣል።

ሁለተኛው ሕመማቸው ነው። የዘመናዊውን የሆስፒስ (ወደ ሞት ለተቃረቡ ሰዎች የሚሰጥ እንክብካቤ) አገልግሎት መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ያቋቋሙት ሴት ናቸው፤ አጥብቀው ያስተማሩትም ወደ ሞት የተቃረበ ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጭንቀቱ፣ የቤተሰቡ ጉዳይና የነፍሱ ነገር ከሥጋ ሕመሙ ጋር ተጋምደው አንዱ ሌላውን ያብሳሉ። አባታችሁ «ውሰዱኝ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ነፍሳቸው ነው፤ ነገር ግን ጎናቸውን እየወጋቸው፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ትንፋሽ እያጠራቸው ወደ የትም ቢሄዱ የተመኙትን አያገኙትም። ስለዚህ ስለ መንገዱ ከመነጋገራችሁ በፊት ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ ውጋቱ፣ ማቅለሽለሹና የሆዱ መነፋት እንዲታገሥላቸው ጠይቁ። ጉበቱ በተጎዳ ሰው የሞርፊን መጠንና በመካከሉ ያለው ሰዓት የሚወሰነው በተለየ ጥንቃቄ ነው፤ ከሌላ ታማሚ የተረፈ መድኃኒት በግምት መስጠት አደገኛ ነው። ተራ የሚመስለው ፓራሲታሞል እንኳ በእሳቸው ላይ ልክ አለው።

ከዚህ በኋላ ስለ ግሸን ራሳቸውን ጠይቋቸው። ግሸን ደብረ ከርቤ ለአንዱ የወጣትነት ስለቱን የሚያደርስባት፣ ለሌላው ግማደ መስቀሉ አርፎባታል ብሎ የሚያምንባትን መስቀለኛ አምባ በዓይኑ አይቶ የሚሰናበትባት፣ ለሦስተኛው ደግሞ መቀበር የሚፈልግባት ቦታ ናት። ያልተከፈለ ስለት ከሆነ፣ ልጅ አባቱን ወክሎ ማድረስ ይችል እንደሆነ የንስሐ አባታቸው ይነግሯችኋል፤ ብዙዎች በዚህ ዕረፍት ሲያገኙ አይቻለሁ። የሚፈልጉት ቅዱስ ቁርባን ወይም የቀንዲል ጸሎት ከሆነ ካህናቱ ቤታችሁ ይመጣሉ። «አምባዋን ልይ» ከሆነ የሚሉት፣ መኪና እስከሚደርስበት ሄዶ፣ ከዚያ ማዶ ሆኖ ተሳልሞ መመለስ ይበቃቸው እንደሆነ ጠይቋቸው። ይህን ሁሉ ጠይቃችሁ «አይሆንም፤ ደጇን እረግጣለሁ» ካሉ፣ እኔ የምደግፈው የእርስዎን ሐሳብ ነው፤ ሊወሰዱ ይገባል።

ይሁንና በጥንቃቄ ነው። ታማሚ የዛሬ ሳምንት የቻለውን የዛሬ ሁለት ሳምንት ላይችል ስለሚችል ከተወሰነ አይዘግይ። የመስከረም 21ን ንግሥ አትጠብቁ፤ በዚያ የሕዝብ ብዛት መካከል ደካማ ሰው ይዞ መግባትም መውጣትም አይቻልም። ተራ ቀን ምረጡ፤ ክረምት ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች ቀድማችሁ ጠይቁ። መኪናው ታማሚው ተጋድሞ የሚሄድበት፣ ፍራሽ የሚነጠፍበት ይሁን። ከመነሣታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በሐኪም የተፈቀደውን ተጨማሪ ማስታገሻ ይውሰዱ፤ ለመንገድ የሚሆነውንም በሰዓት ከፋፍላችሁ ያዙ። ውሃ፣ ዳይፐር፣ ተጨማሪ አንሶላ፣ የሚያስመልስ ከሆነ ሳህን አይረሳ። ስፍራው ከደሴም ከፍ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። መኪናው ካቆመበት በኋላ ያለውን ዳገት በእግራቸው እንዲሞክሩ አትፍቀዱ፤ አራት ብርቱ ሰዎችና አንድ ቃሬዛ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሄዳችሁ ስትደክሙ ሳይሆን ከቤት ሳትነሡ፣ «ከዚህ ቦታ ሳንደርስ እንዲህ ከሆኑ እንመለሳለን» የምትሉበትን ምልክት ተስማሙ።

የወንድምዎን ሥጋት አላቃልለውም። መንገድ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፤ አልጋቸው ላይ ሆነውም በዚያው ሰዓት ሊያርፉ ይችላሉ። ይህን አባታችሁ ራሳቸው አውቀው «ይሁን» ካሉ፣ የቤተሰቡ ታላላቆችና የንስሐ አባታቸው ባሉበት ተነጋገሩና ተስማሙ፤ የት እንደሚቀበሩም በዚያው ይናገሩ። በሽታቸውን የሚገልጸውን የሆስፒታል ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሰው ትዝብትን በተመለከተ ግን፣ ጎረቤት የሚታዘበው ሳይነገረው የቀረ ነገር ሲያይ ስለሆነ ቀድማችሁ ለቅሬው (ለዕድሩ) ሰብሳቢ ንገሩት። ወንድምዎንም ቃሬዛውን ከፊት እንዲይዝ ለምኑት፤ «አይሆንም» ያለው አባቱን ስለሚወድ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ የጡት ካንሰር አጥንቷ ድረስ ደርሶባታል። ሐኪም ሞርፊን አዞላታል፤ እሷ ግን «አእምሮዬ ሳይደነዝዝ፣ ሸሃዳዬን ይዤ ነው መሄድ የምፈልገው» ብላ አትወስድም፤ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ታናሽ እህቴ ሳውዲ በሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ እናቴ ስላልፈቀደች ተቀያይመው ነው የተለያዩት። የእናቴ ምኞት እሷን አይታ፣ አፉ ተባብለው መለያየት ነው። እህቴ መምጣት እንደማትችል እናውቃለን፤ እንዳትጨነቅ ብለንም የእናቴን ሁኔታ አልነገርናትም።
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። እናትዎ ሁለት ምኞት አላቸው፤ ሁለቱም ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

ሸሃዳን ይዞ የመሄድ ምኞታቸው እጅግ የከበረ ስለሆነ ማንም «መድኃኒቱን ዋጡ» ብሎ ሊያስገድዳቸው አይገባም፤ የፈሩት ነገር በትክክል እንዴት እንደሆነ ግን ሊነገራቸው ይገባል። ሞርፊን ሲጀመር እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት አለ፤ ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። በእነዚያ ቀናት የሚተኙት እንቅልፍም ከፊሉ ሕመሙ ለሳምንታት የከለከላቸው ነው። በትንሹ ተጀምሮ በሕመሙ ልክ ቀስ እያለ የሚጨመር ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም፤ ለእንዲህ ዓይነት ታማሚም የሱስ ጉዳይ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያደሩ ሰው ጎህ ሲቀድ ልባቸውን ሰብስበው መስገድ እንዴት እንደሚከብዳቸው እሳቸው ከእኛ በላይ ያውቁታል። በፈሳሽ መልክ የሚሰጠው ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ ሲሆን፣ ንቁ ሆነው መቆየት የሚፈልጉበትን ሰዓት ለሐኪሙ ከነገሩት መጠኑን ከዚያ ጋር ማስማማት ይቻላል። በራሱ የማይለቀው ችግር የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝላቸው። አጥንት ላይ የደረሰ ካንሰር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቀን የጨረር ሕክምና ብቻ ብዙ ሊታገሥ ስለሚችል፣ አቅማቸው መንገዱን የሚፈቅድ ከሆነ ስለዚሁ ሪፈር ሐኪሙን ያማክሩ።

ይህን እኔ ወይም እርስዎ ከምንነግራቸው ይልቅ የሚያከብሯቸው ሸኽ ቢያስረዷቸው ይሻላል። ሸኹ ሲመጡ ስለ ሶላትም ይጠይቁላቸው፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ በምልክት እንደሚሰግድ፣ ውሃ የሚጎዳው ተየሙም (በንጹሕ አፈር የሚደረግ መንጻት) እንደሚያደርግ ብዙ ታማሚዎች እያወቁት እንኳ በዚያ ሰዓት ከታላቅ ሰው አፍ መስማት ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ እህትዎ ልምጣ። ዛሬውኑ ንገሯት። በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ አገሩን ለቀው መውጣት እንደሚቸግራቸው አውቃለሁ፤ አለመቻሏ ግን ላለመንገር ምክንያት አይሆንም። አንድ ቀን መርዶውን በስልክ ስትሰማና እናቷ ለወራት ታመው ስሟን ሲጠሩ እንደነበር ስታውቅ የሚሰማትን አስቡት። በጽሑፍ አትንገሯት። ሥራ በማትይዝበት ሰዓት፣ ቢቻል እዚያው ያለች የአገሯ ልጅ አጠገቧ ሆና፣ እርስዎ ራስዎ በድምፅ ይንገሯት። ለአሠሪዋ የምታሳየው የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋት እንደሆነም ጠይቋት፤ ፈቃድ የሚያገኙ አሉና ሳይሞከር አይቅር።

ካልተቻለ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ይተያዩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሳይታሰብበት ከተደረገ ግን ይበላሻል። ኔትወርኩን ቀደም ብላችሁ ሞክሩ፣ ስልኩ ይሞላ፣ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡ። እናትዎ በቀን ውስጥ የሚሻላቸውን ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ያለውን፣ ምረጡ። ስልኩን የሚይዝላቸው አንድ ሰው ብቻ ይቅርና ሌላው ይውጣ፤ እናትና ልጅ የተቀያየሙበትን ነገር በዘመድ ፊት አይነጋገሩትም። መጀመሪያ አፉ ይባባሉ፤ ወሬውና ለቅሶው ከዚያ በኋላ ይድረስ፣ መስመሩ መቼ እንደሚቋረጥ አይታወቅምና። በዚያው ሰሞን የእናትዎን ዱዓና ምርቃት በስልክ ቅዱላት። እህትዎም ድምፅዋን ቀድታ ትላክ፤ እናትዎ መናገር ባቆሙበት ጊዜ እንኳ ጆሯቸው ሥር አሰሟቸው፤ መስማት ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ዘግይቶ እንደሚቆይ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች እናምናለን።

ጥያቄ፦ አያቴ በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት መዋጥ አቁመዋል። ውሃም አይወርድላቸው፤ ቡና ግን ይለምናሉ። ትን ይላቸዋል ብለን ፈርተን ከልክለናቸዋል። ግሉኮስ ይሰቀልላቸው የሚሉም ዘመዶች አሉ።
(ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ በአፋቸው ማፍሰሱ በእርግጥ አደገኛ ነው፤ ቡናውን መከልከል ግን አያስፈልግም። አልጋቸው አጠገብ ቁሉት፣ ጭሱ ይድረሳቸው፤ አቦሉ ሲወርድ በረድ ካለ በኋላ ንጹሕ ጥጥ ወይም ጋዝ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉና ከወገባቸው ቀና ብለው እንደተቀመጡ ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን አርጥቡላቸው። ካሳላቸው አቁሙና ቆይታችሁ ድገሙት። ቶናውና በረካውም እንደዚሁ ይድረሳቸው፤ ከቡናው ጋር የሚመጣውን ጨዋታ ጭምር ነው የለመኑት። ግሉኮሱን በተመለከተ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ምግብና ውሃ መፈለጉን እየተወ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ እግር ሊያሳብጥና ደረት ላይ አክታ ሊያበዛ ይችላል። በአፋቸው ድርቀት ለሚጨነቁ ዘመዶች የጥጡን ሥራ ስጧቸው፤ አፍን በየጊዜው ማርጠብ ከግሉኮሱ በላይ ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ አጎታችን ልጅ የላቸውም። ያስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት። ሁለት ጎረቤቶች በተገኙበት «ቤቱ የእሷ ነው» ብለው ተናግረዋል። ይህ ኑዛዜ ይጸናል?
(ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ በዚህ መልኩ ብቻ ከቀረ ስለ ቤቱ አይጸናም፤ አጎትዎ መናገር እየቻሉ ሳለ መታረም አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈውና በቃል የሚደረግ። በቁጥር 892 መሠረት ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃል መናገር ይችላል፤ ነገር ግን በቁጥር 893 በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም የቃል ኑዛዜው ይቀራል። በ500 ብር የሚሰጥ ቤት ደሴ ውስጥ እንደሌለ ግልጽ ነው።

ደካማ ለሆነ ሰው የሚስማማው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው። በቁጥር 881 እንደተደነገገው ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ከዚያ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል፣ እሳቸውና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። የእህታቸው ልጅና የቅርብ ቤተሰቧ ምስክር ባይሆኑ ይመረጣል። አእምሯቸው ንቁ በሆነበት ሰዓት ይደረግ፤ ይህን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ቢገኝ ኋላ የሚነሣውን ክርክር ያሳጥራል። አጎትዎ ሙስሊም ከሆኑና ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚወስዱት ከሆነ፣ በሸሪዓው ኑዛዜ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ካለው ሀብት ከሲሶ ሊበልጥ እንደማይችል አስቀድመው ይወቁት። ስለ ዝርዝሩ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ እኔ ይህን ያህል የማውቀው የብዙ ታማሚዎች ጭንቀት ከገንዘብና ከቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። አስታማሚዬ ሜዳ ላይ ትወድቃለች ብሎ የሚሠጋ ሰው ሌላ ምንም ቢደረግለት አያርፍም።

ጥያቄ፦ እኛ የአንድ ሰፈር ወጣቶች ነን። በሆላንድ የታማሚዎችን የመጨረሻ ምኞት በአምቡላንስ እየወሰደ የሚፈጽም ድርጅት እንዳለ ሰማን። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መጀመር ይቻላል? ገንዘብ የለንም። ሰው እንዲረዳን ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ አስበናል።
(ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ የሰማችሁት እውነት ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረቱት ኬስ ፌልድቡር የሚባሉ የአምቡላንስ ሹፌር ነበሩ። አንድ ሊሞት የተቃረበ ታማሚ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲያዘዋውሩ፣ ሰውየው የመርከቦቹን ወደብ ዳግመኛ ማየት እንደሚፈልግ ነገራቸውና ወሰዱት፤ ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። ዛሬ በጎ ፈቃደኛ ሹፌሮችና ነርሶች አብረው ይሄዳሉ፤ ታማሚውን ሙዚየም፣ ባሕር ዳር ወይም ገዛ ቤቱ ያደርሳሉ። ልብ በሉ፤ ሹፌሩ ሲጀምሩ የተለየ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ መኪናው በእጃቸው ነበር፣ ሰውየውንም ምን እንደሚፈልግ ሰሙት።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ዑጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካን ጀምረው፣ ከዱቄት በቀላሉ የሚዘጋጅ ፈሳሽ ሞርፊን በየታማሚው ቤት እንዲደርስ አድርገዋል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን በቤታቸው ሲረዳ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸውና የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል። የቀሩትን የሚያስታምመው እንደናንተ ያለ ጎረቤት ነው።

ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበትና አብሮ የሚያስተዛዝንበት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጉልበቱና መዝገቡ አለ፤ ሁሉም ግን የሚንቀሳቀሰው ሰው ካረፈ በኋላ ነው። እኔ አዲስ ማኅበር ከምታቋቁሙ ይልቅ የቅሬያችሁን ሽማግሌዎች ሰብስባችሁ፣ ከመዋጮው ጥቂቱ አባሉ በሕይወት ሳለ እንዲውልለት ደንቡ እንዲሻሻል ብትጠይቁ እመርጣለሁ። አንድ ዊልቸር፣ አንድ ወፍራም ፍራሽ፣ ቤት ለቤት የሚዞር የሽንት መቀበያ፣ መኪና ያለው አባል በወር አንድ ቀን የሚሰጠው ነፃ ጉዞ ለመጀመር ይበቃል። አስታማሚው እንዲተኛ ሌሊቱን በተራ የሚያድሩ ሁለት ሁለት ወጣቶች መድቡ። አስታማሚ ካልተኛ የታማሚውን ምኞት የሚሰማ ሰው አይገኝምና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ይህን ነው። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ነርስ ጠርታችሁ ታማሚን በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደሚያገላብጡ፣ አፍ እንዴት እንደሚያጸዱ፣ ቁስል ሲጀምር እንዴት እንደሚታወቅ ተማሩ።

ከዚያ በኋላ የምትሰሟቸው ምኞቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ከአካባቢያችን የማይርቁ ናቸው፤ ሐይቅን ማየት፣ ጦሳ ላይ ወጥቶ ከተማውን መመልከት፣ ጀማ ንጉሥን መዘየር፣ ኮምቦልቻ ያለች እህትን መጠየቅ፣ የድሮ ዕዳን ወስዶ መክፈል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ከባድ ስለሆነ የማስመለሻ መከላከያውን ሐኪም አስቀድሞ ይዘዝለት፤ ባጃጅ ለዚህ መንገድ አይሆንም። የታማሚውን ሐኪም ሳታማክሩ ማንንም ይዛችሁ አትነሡ።

ቪዲዮውን ግን ተዉት። በመጨረሻ ቀኖቹ የከሳና የደከመ ሰው ፊት በሰው ስልክ ሁሉ እንዲዞር ማድረግ፣ ገንዘብ ቢያስገኝም፣ እሱን አይጠቅመውም፤ በሞርፊን የተኛ ሰው ደግሞ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። ታማሚው ራሱ፣ ንቁ ሆኖ፣ «ቅረጹኝ» ካለ ቅረጹና ለቤተሰቡ ስጡት፤ ለሌላ ይውል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው፤ ሐሳቡን ከቀየረም ይሰረዝ። ለገንዘቡ የቅሬውን መዝገብ ለነጋዴዎቹ አሳዩ፤ በስማችሁ የሚያውቋችሁ የፒያሳ ባለሱቆች አንድ ዊልቸር ለመግዛት የማንንም ፊት ማየት አያስፈልጋቸውም።